ድምፅና ልብስ ለሚያስጨንቀው ልጅ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ምን ይገዛል፣ የትስ ይኬዳል?

የስድስት ዓመቱ ልጄ ቡና ሲወቀጥ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ የካልሲ ስፌት ጣቱን ከነካውም ጫማ አላደርግም ብሎ ይጮኻል። ዘመድ ሁሉ «ቅብጠት ነው» ሲለው የኖረው ይህ ጠባይ የስሜት ሕዋሳት መረጃን የማቀናበር ችግር ይባላል፤ ከጆሮ፣ ከቆዳና ከመሳሰሉት የሚመጣውን መልእክት ማስተናገድ ለአንጎል ሲከብደው ማለት ነው። ሐሳቡን አሜሪካዊቷ የኦኪዩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ጂን አይረስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ አስፋፍታዋለች፤ ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እስካሁን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አልመዘገበውም፤ በ2013 እትሙ ከኦቲዝም ምልክቶች እንደ አንዱ ብቻ ቆጥሮታል። ይህን የማነሣው ለገንዘባችሁ ስል ነው፤ አንድ የግል ክሊኒክ ልጄን አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ኦቲዝም» ብሎ ጽፎ የሁለት ወር ቫይታሚን ሸጦልኛል።

እኔ የምጠቁመው ጆሮንና ዓይንን አስቀድሞ ማስመርመር ነው፤ የጆሮ ኢንፌክሽን ያለበት ልጅም ከድምፅ ሊሸሽ ይችላልና። ለጆሮና ለአጠቃላይ የሕፃናት ምርመራ ደሴ ሆስፒታል፣ ለዓይን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይቀርቡናል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱትን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ወይም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የምመክረው የንግግር መዘግየት ወይም ከሰው ጋር ያለመግባባት ምልክት አብሮ ለታየበት ልጅ ነው። ለሚሄድም ሰው፣ ልጁን ምን እንዳስጨነቀው፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና በምን እንደተረጋጋ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዞ ቢሄድ የአውቶቡሱ ድካም በከንቱ አይቀርም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ልጅን በክብደቱ ያረጋጋል የሚባለው ከውጭ የሚመጣ ከባድ ብርድ ልብስ ውድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናትም ልጆቹም ወላጆቹም እንደወደዱት፣ እንቅልፍ ግን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ ቤት ያለውን ጋቢና ቡልኮ ይዤ ሰኞ ገበያ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት፤ ነጋዴው ጋቢ ልሸጥ የመጣሁ መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ። ከልጁ ክብደት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይሁን የሚባለውን ልማዳዊ መለኪያ ይዤ ሳየው፣ ቡልኮው ከሦስት ኪሎ ስላለፈ ለ19 ኪሎ ልጅ ከበደ፤ ሁለት ኪሎ ያልሞላው ጋቢ ግን ተስማማው። ጋቢውን ልጁ ራሱ ገፎ መጣል መቻል አለበት፤ ፊቱን አይሸፍንም፤ ለጨቅላ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ለጆሮ ሙዚቃ ማዳመጫ አትግዙ። በኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ለሠራተኛ የሚሸጠው የጆሮ መከላከያ በዋጋም በጥቅምም ይበልጣል፤ ሆኖም ሠርግ ቤትና ወፍጮ ቤት እንጂ ቀኑን ሙሉ መደረግ የለበትም፣ ጆሮው ጸጥታውን ከለመደ ተራው ድምፅ የባሰ ይከብደዋልና። ልብስ ከአዲሱ ይልቅ ታጥቦ የለሰለሰ ሰልባጅ ይሻላል፤ ከአንገቱ ላይ የተሰፋውን የጨርቅ ምልክት ስፌቱን ፈትቶ ማውጣት እንጂ በመቀስ መቁረጥ አይበቃም፣ የቀረው ጫፍ ይወጋል። ጸጉሩን በማሽን ሳይሆን በመቀስ የሚቆርጥ ጸጉር አስተካካይ ፈልጉ።

መዋዕለ ሕፃናት ስትመርጡ የበሩን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተዉና በሰልፍ ሰዓት ሄዳችሁ ድምፅ ማጉያው የት እንደተሰቀለ ተመልከቱ። ልጄ በመጀመሪያ የገባበት ትምህርት ቤት ከማጉያው ሥር አሰልፎት ሲያለቅስ «ዲሲፕሊን የለውም» ተብሎ ተመልሶልኛል። አሁን ያለበት ክፍያው ያነሰ፣ ግቢውም አቧራ ነው፤ መምህርቷ ግን ልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረች ስለሆነች ከሰልፉ አምስት ደቂቃ ቀድማ ወደ ክፍል ታስገባዋለች። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ያለ ወጪ የሚገኘው እርዳታም ጥቂት አይደለም። ባለ ሦስት ሊትር ጀሪካን መሸከም፣ ሊጥ ማሸት፣ ከባቄላ ጠጠር መልቀም ልጄን ከማንኛውም መጫወቻ በላይ ያረጋጋዋል። ባለፈው ቅዳሜ ዘነዘናውን ለራሱ ሰጠሁት፤ ሙቀጫውን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ፣ ምቱን ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ አንድም ጊዜ ጆሮውን ሳይደፍን ቡናውን ወቅጦ ጨረሰ።