አቋሙ ከሰፈሩ የተለየ ሰው በጦርነት ጊዜ እንዴት ይኑር? (ሰሜን ሸዋ)

ከጣርማበር ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ደብረ ሲና አካባቢ ያስተምራል። ጦርነቱን በማንም ወገን አይደግፍም፣ ይህንንም አይደብቅም። ሰፈሩ ግን በሙሉ ልቡ ከአንዱ ወገን ነው። ሰላምታ የነሱት አሉ፤ ከኋላው «ባንዳ» የሚሉትም አሉ። ይቆይ ወይስ አዲስ አበባ ይምጣ? ከቆየስ ከምን ይጠንቀቅ?

የሰላ ድንጋይ ሰው፦
እህቴ፣ ጎረቤት ከሐሳቡ ይልቅ የሚፈራው መጠቆሙን ነው። ሰው ተይዞ ሲወሰድ «ማን ነገረ?» ይባላል፣ ዓይን የሚያርፈውም ለብቻው በቆመው ላይ ነው። ስለዚህ ከባለሥልጣንም ሆነ ከታጣቂ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ አይቀመጥ። ቀበሌ ከጠራው የዕድሩን ዳኛ ወይም አንድ ሽማግሌ ይዞ ይሂድ፤ ሲመለስም የተጠየቀውን በግልጽ ይናገር።

የዕድር ወርሃዊውን አያሳልፍ፣ ለቅሶ አይቅር። በተለይ ልጅ በጦርነቱ የሞተበት ቤት ቀድሞ ይድረስ፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አይናገር። ልጁን ላጣ አባት «ጦርነቱ ከንቱ ነው» ማለት «ልጅህ በከንቱ ሞተ» ማለት ነው። ብዙው ቂም የሚጸነሰው እዚህ ላይ ነው።

አቋሙን ሲጠይቁት ለሁሉም ያው አጭር መልስ ይሁን። ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ ያለ ቀን ሁለቱም ይጠረጥሩታል። «ባንዳ» ላለው ሰው በአደባባይ አይመልስ፤ የንስሐ አባቱንና ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ይላክበት። ለጦርነቱ የመዋጮ ጥያቄ ሲመጣ ለብቻው ቀድሞ አይስጥ፣ ለብቻውም እምቢ አይበል፤ ዕድሩ የሚለውን ይጠብቅ። ደረሰኝ ቤቱ አያስቀምጥ፤ ከተማው እጅ ከቀየረ የአንዱ ደረሰኝ ለሌላው ማስረጃ ነው። በኅዳር 2014 የጦር ግንባሩ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ወርዶ ወዲያው ወደ ሰሜን እንደተመለሰ አትርሺ።

ሞባይል ጠጋኝ፦
ስልኩን በተመለከተ፦ ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው የፎቶ ማኅደሩ ነው። ቴሌግራም ሰው ያልጠየቀውን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ አውርዶ እዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ በራሱ ማውረዱን በሞባይል ዳታም በዋይፋይም ያጥፋ፣ ዋትሳፕ ላይም እንዲሁ። ከሰፈር ግሩፕ ግን በድንገት አይውጣ፤ በትናንሽ ግሩፖች «ወጣ» የሚል መልእክት ለሁሉም ይታያል። ድምፁን ማጥፋት ይሻላል። ባዶ ስልክም ያስጠረጥራል፤ የቤተሰብና የትምህርት ቤት ፎቶ ይኑርበት።

ጥሬ ገንዘብም ያስፈልገዋል፣ በዝርዝር ኖት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ኔትወርኩ ራሱ ሲጠፋ ግን እሱም የለም።

የሕግ ባለሙያ፦
ከተያዘ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን የሚጽፈው፦ ማን ያዘው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት ተወሰደ፣ ማን አየ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ለጉዞ ከሚወስደው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። ከአቤቱታው ጋር ቃለ መሐላ ይያያዛል፤ ያሰረው ማን እንደሆነ፣ የታሰረበትን ቦታና ምስክሮችን ይገልጻል። «ማን እንደያዘው አናውቅም» ተብሎ ከተጻፈ አቤቱታው ሊሰናከል ይችላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር ይህ መንገድ በተግባር ይጠብባል። የሐምሌ 2015ቱ አዋጅ በግንቦት 2016 ማብቂያ ላይ አብቅቷል፤ «አሁንም አዋጅ አለ» የሚል ካለ አዲስ የወጣውን አዋጅ ይጥቀስ።

የመናኸሪያ ልጅ፦
ይሂድ ወይስ ይቆይ ለሚለው ልክ አለው። ሐሜትና ሰላምታ መንሳት ብቻውን አያስኬድም። ወፍጮ ቤት እህሉን አልፈጭም ካለው፣ ልጆቹ ከጨዋታ ከተባረሩ፣ ስሙ በስብሰባ ላይ ከተነሣ አጥብቆ ይዘጋጅ። ዕድሩ መዋጮውን አልቀበልም ያለ ዕለት ግን አይደር።

አወጣጡ ወሳኝ ነው። አልጋና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ጭኖ በሌሊት መውጣት «ሸሸ» ያሰኛል፣ ቤቱም ይዘረፋል። በቀን፣ በአንድ ሻንጣ፣ ለዕድሩ ዳኛ ነግሮ ይውጣ። ሥራውንም ዝም ብሎ አይተው፤ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወይም ዝውውር በጽሑፍ ይያዝ። ያለ ወረቀት የቀረ መምህር ደመወዙን ከማጣቱም በላይ «ሌላው ወገን ጋር ገባ» ይባላል። የመንገዱን ነገር በትናንት ወሬ አይመን፤ የዚያን ቀን ጠዋት ከደብረ ብርሃን የገባ ሾፌር ይጠይቅ። ጣርማበርና ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ፣ መኪና ካደረም ጋቢ ይያዝ።

ከጣርማበር ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤቱንስ ለማን ይተው? ካርታውን ይዞ ይምጣ?

የሰላ ድንጋይ ሰው፦
ቤቱን ባዶ አይተው፤ ሰፈሩ የሚያከብረው ተከራይ ወይም ዘመድ ይግባበት፣ ውሉ በሁለት ምስክር ይጻፍ፣ አንደኛው ምስክር የዕድሩ ሰው ይሁን። የካርታውን ዋናውን አሁን፣ መንገዱ ክፍት እያለ፣ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አዲስ አበባ ላኩት። እሱ ጋር ቅጂውና የዘንድሮው የግብር ደረሰኝ ይበቃዋል። መታወቂያው ጊዜው እንዳያልፍበት፤ ከቀበሌው ጋር ሳይቀያየም ያሳድሰው።