የአዳማን የነፋስ ስሌት ለጅቡቲ ባሕር ዳርቻ መጠቀም ይቻላል?

የቆቃ መንገድ፦
ሰላም ለቤቱ። ጅቡቲ ጉቤት ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ጣቢያ በ17 ተርባይን 60 ሜጋ ዋት አለው። የእኛው አዳማ 2 (2015 እ.ኤ.አ.) በ102 ተርባይን 153 ሜጋ ዋት፣ አንዱ 1.5 መሆኑ ነው። የተርባይኑን መጠን ትተን፣ አዳማ ላይ የሚቆመው ክንፎቹ ሲዞሩ 77 ሜትር ስፋት ያለው ክበብ የሚሠሩ ተርባይን ባሕር ዳር ቢተከልና ነፋሱ ሁለቱም ቦታ 8 ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ የሚያመነጩት እኩል ነው? ጨዉስ ምን ያህል ያሳስባል?

ማማ ላይ፦
እኩል አይደለም። ነፋስ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ክብደትም አለው። ጅቡቲ በባሕር ወለል ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የአዳማን ኮረብታ 1,800 ሜትር፣ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ብንወስድ 0.97 ይሆናል። በ77 ሜትር ክበብ ያለው ስፋት 4,657 ካሬ ሜትር ነው፤ ተርባይኑ ከነፋሱ ጉልበት 42 በመቶ ይይዛል ብለህ ብታሰላ አዳማ ላይ 485፣ ባሕር ዳር 574 ኪሎ ዋት ታገኛለህ። አዳማ ያንኑ ለማግኘት ነፋሷ ወደ 8.5 መድረስ አለበት። ጉልበቱ የፍጥነቱ ኩብ ስለሆነ ፍጥነቱን 5 በመቶ አሳስተህ ከለካህ ውጤትህ 16 በመቶ ይሳሳታል፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። መደበኛ ትራንስፎርመርና ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ታስበው ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ ለከፍታ የተሠራውን ማዘዝ ነው፣ አለዚያ አቅሙን ቀንሶ መጠቀም።

ብሎን ጠባቂ፦
የጨዉን ጉዳይ ልያዘው። ጨው ደርቆ ኢንሱሌተር (ሽቦውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዕቃ) ላይ ቢቀመጥ ምንም አይልም። ችግሩ የሚመጣው ማለዳ ጤዛ ሲያርፍበት ነው፤ ጨዉ ይሟሟና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ መስመሩም ይዘጋል። በረሃው አቧራም ስላለው ሁለቱ ተቀላቅለው ይጋገራሉ። መፍትሔው ኤሌክትሪኩ በገጹ ላይ ለመሾለክ ረዥም መንገድ እንዲያስፈልገው የተሠራ የሲሊኮን ኢንሱሌተርና በየጊዜው ማጠብ ነው። አዳማም በበጋ የተጠራቀመው አቧራ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፣ ግን የቀለለ ነው።

ማማው ላይ ከታች የዚንክ ቀለም፣ በመካከል ኢፖክሲ፣ ከላይ ፖሊዩረቴን ይቀባል። ዝገቱ የሚጀምረው ከሰፊው ብረት አይደለም፤ በሚጫንበት ጊዜ ከተፋቀው ቦታ፣ ከብየዳው ጫፍና ከብሎኑ አንገት ነው። በማማው አናት ያለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው አየር በማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ከምንም በፊት የሚበላው የመቆጣጠሪያው ካርድ ነው።

የቆቃ መንገድ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከኤርፖርት የተገኘ የ10 ሜትር ከፍታ ዳታ አለኝ። ወደ 80 ሜትር በቀመር ላሳድገው?

ማማ ላይ፦
ለመጀመሪያ ግምት ካልሆነ አይበቃም። 10 ሜትር ላይ 5 ሜትር በሰከንድ ካለህ፣ ነፋሱ ከከፍታ ጋር ምን ያህል እንደሚጨምር በሚያሳየው የቀመሩ ቁጥር፣ ለሜዳ መሬት በሚወሰደው 0.14 ስታሰላ 80 ሜትር ላይ 6.7 ይሆናል፤ ባሕሩ ለስላሳ ስለሆነ በ0.10 ብታሰላው 6.2 ነው። በጉልበት ሲታይ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት! ኮረብታ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀመሩ ጭራሽ ይስታል፤ ነፋሱ ሽቅብ ሲወጣ ከመሬቱ አጠገብ ስለሚፈጥን ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ሊጠፋ ይችላል።

የምርመራ ማማ ትከል፦ ቢያንስ 1 ዓመት፣ በየ10 ደቂቃው አማካይ። 80 ሜትር ላይ ሁለት መለኪያ በተቃራኒ አቅጣጫ ይታሰር፣ አንዱን ማማው ከነፋሱ ሲጋርደው ሌላው እንዲያነብ። ሙቀትና የአየር ግፊት መለኪያም አትርሳ፣ የአየሩን ክብደት የምታገኘው ከእነሱ ነው።

ብሎን ጠባቂ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ወርሃዊውን ሰንጠረዥ ሳታይ በዓመት አማካይ ብቻ አትመን። አዳማ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦች በማይሞሉበት ወራት ነው፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ጅቡቲ ግን ተርባይኖቿን የምታጣምረው ከኢትዮጵያ ከምትገዛው መብራት ጋር ስለሆነ፣ የእሷ ሰንጠረዥ ከእኛ የውኃ ወራት ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት።