ጥቆማ፦ ለአደን መንገድ የሚሆን ጂፒኤስ ልግዛ ወይስ ስልኬ ላይ አፕ ልጫን? (ጅማ)

ዱካ_ፈላጊ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ጥቆማ ፈልጌ ነው። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር መንገድ መሪ ሆኜ በሲግሞ በኩል ልገባ ነው። ጫካው ድፍን ነው። ጉም ሲወርድ ከፊትህ የሚሄደው ሰው ጀርባ ራሱ አይታይም። እስከዛሬ የአካባቢው ሽማግሌ እየመሩን ነበር። አሁን እንግዶቹን ለሁለት ልንከፍል ስለሆነ እኔም የሆነ ነገር መያዝ አለብኝ። ያሰብኩት ሁለት ነው፦ ወይ ያገለገለ ጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ (በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ)፣ ወይ ያለኝ ቴክኖ ላይ አፕ ጭኜ ፓወር ባንክ መጨመር። ኔትወርክ የለም፤ ዝናብ ሞልቷል። የቱ ይሻላል? ጅማ ውስጥስ ማን ጋ ይገኛል?

ቦዬ_ጉማሬ፦
አደን ክልክል አይደለም እንዴ?

ዱካ_ፈላጊ፦
ፈቃድ ያለው ድርጅት አልኩ እኮ።

ቦዬ_ጉማሬ፦
ፈቃድ የለኝም ብሎ የሚጽፍ አይተህ ታውቃለህ?

ሂርማታ_ሐሙስ፦
ክልክሉ ያለ ፈቃድ ማደን ነው። የዱር እንስሳት አዋጁን አንብቡ። ፈቃዱ ላይ የትኛው እንስሳ፣ የት ቀጠና እንደሆነ ይጻፋል፤ ከዚያ ከወጣህ ያው ሕገወጥ ነህ። ስለዚህ ልጁ ጂፒኤስ መጠየቁ ጥሩ ነው። የቀጠናውን ወሰን ነጥቦች ከሚመለከተው ቢሮ ተቀብሎ መሣሪያው ላይ ያስገባ። እንግዳው ቆስሎ የሸሸ እንስሳ ተከትሎ ሲሮጥ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከሚኒሶታ_በፍቅር፦
ወንድሜ፣ ኦንኤክስ ሀንት የሚባለውን የአደን አፕ ጫንና ተገላገል። እዚህ አጋዘን ስናድን ሁላችንም በሱ ነው። መሬቱ የግል ይሁን የመንግሥት በቀለም ለይቶ ያሳይሃል። ነፋሱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ይነግርሃል። ክፍያው ያን ያህል አይደለም።

ሰርቬየሩ፦
ያ የመሬት ባለቤትነት ካርታ የተሠራው ለአሜሪካና ለካናዳ ነው። ሲግሞ ላይ ምን ሊያሳየው?

ቦዬ_ጉማሬ፦
የሲግሞን መሬት በባለቤት ለይቶ የሚያሳይ አፕ ቢኖር ኖሮ የወረዳው ፍርድ ቤት ይዘጋ ነበር።

የሊሙ_ልጅ፦
ጋርሚን ከመግዛትህ በፊት የኔን ስማ። የገዛሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ጅማም አይደለም። ሻጩ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ከፈተልኝ። ሳተላይቶቹ ሞልተዋል። ፍጥነት ይቆጥራል። ቀስቷ ካርታው ላይ ትሄዳለች። «አየህ አያያዙን! ጣሪያ አያግደውም» አለኝ። እኔ ቆሜያለሁ፣ እሱ ተቀምጧል፣ ቀስቷ ትሄዳለች። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ሊሙ ወስጄ ሳበራው እኔ ቡና ውስጥ ነኝ፣ ቀስቷ ግን መኪና መንገድ ይዛ ትከንፋለች። ለካ ዴሞ ላይ አድርጎት ነው! ለማሳያ የተሠራ፣ ሳተላይት ሳይዝ የያዘ የሚያስመስል ነገር አለው። ዴሞውን ሳጠፋው ሜዳ ላይ እንኳ አንድም ሳተላይት አይዝም። አንቴናው የሞተ ዕቃ ነው። ስመልስለት «ውኃ አስገብተህበት ነው» ብሎ ድርቅ። ደረሰኝ የለ፣ ዋስትና የለ። እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ወላሂ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ኮቺ_ሰፈር፦
አቦ! ከማን ገዝተህ ነው? መርካቶ ግድም ካለው ነው?

የሊሙ_ልጅ፦
ስም አልጠራም አልኩ። አድሚኑ ይሰርዝብኛል።

አጂፕ፦
ለዚህ እኮ ነው ከሚያውቁት ሰው መግዛት። እኔ ስልክ በለው፣ ቻርጀር በለው፣ ቴሌቪዥን በለው ሁሉንም ከፈረንጅ አራዳው ልጅ ነው። አንድ ቀን አታሎኝ አያውቅም። ዱካ ፈላጊ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እሱ ጋ ሂድ።

ሰርቬየሩ፦
ጂፒኤስ ይሸጣል?

አጂፕ፦
አይሸጥም። ግን ካመጣ ጥሩውን ነው የሚያመጣው።

ቦዬ_ጉማሬ፦
ጥቆማ ማለት እንዲህ ነው።

ኮቺ_ሰፈር፦
የፈረንጅ አራዳው ልጅ እውነት ጥሩ ልጅ ነው። የእህቴን ስልክ ስክሪን በግማሽ ዋጋ ነው የቀየረላት።

የሊሙ_ልጅ፦
እኔ ስለ ስክሪን አላወራሁም!

ሰርቬየሩ፦
የሊሙ ልጅ የተሠራበት ሥራ ያናድዳል፣ ግን ዕቃውን አያስወቅስም። ያገለገለ የምትገዙ ሁሉ ሱቅ ውስጥ አትፈትሹ። ሻጩን «ና ወደ ውጪ» በሉት። ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቁሙ። የሳተላይት ገጹን ክፈቱና ጠብቁ። ጅማ ከተማ ላይ ሰሜን ኬክሮስ 7.67፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 36.83 አካባቢ ማንበብ አለበት። ካርታው ካንሳስ ላይ ከቆመ መሣሪያው ገና ምንም አልያዘም፤ የጋርሚን ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ከዚያ የቆማችሁበትን ምልክት አድርጉ፣ ትንሽ ዞር ዞር በሉና ወደ ምልክቱ ይመልሳችሁ። በሩ ላይ ከመለሳችሁ ክፈሉ። ሻጩ ውጪ አልወጣም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ቡና_አቅራቢ፦
ጥሩ ርዕስ ተነሣ። እኔም ጂፒኤስ ፈልጌ ነበር። የአውሮፓ ገዢዎች ቡናው የበቀለበትን ማሳ ነጥብ አምጡ እያሉን ነው። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ በተመነጠረ ደን ላይ የለማ ቡና አይገባም በሚለው ሕግ ማለት ነው፤ በነሱ አቆጣጠር። አጋሮ ላይ ያሉትን ገበሬዎቼን በምን ልለካ? 22ኤክስ ይበቃኛል?

ሰርቬየሩ፦
ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያውን መለካት አለበት። ከዚያ በታች አንድ ነጥብ ይበቃል። የኛ አገር ገበሬ አብዛኛው ከዚያ በታች ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ችግሩ ሕጉ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይላል፣ የጋርሚን ስክሪን ግን በዲግሪ ሲያሳይ አምስት ላይ ይቆማል። ከስክሪኑ ላይ አይተህ ደብተር ላይ አትገልብጥ። ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተር አውጣው፤ እዚያ ሙሉው አሃዝ አለ።

ቡና_አቅራቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ጥያቄ፦ ገበሬው ሦስት ቦታ የተበጣጠሰ ማሳ ካለውስ?

ዱካ_ፈላጊ፦
ወንድሞች፣ የኔ ጥያቄ አደን ነበር።

ጋሽ_ሸቤ፦
ልጆች፣ ድሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የጠፋው ሰው ውኃ ይፈልጋል፣ ውኃውን ተከትሎ ይወርዳል፣ ሰው ያለበት ይደርሳል። ደግሞም ጫካ የገባ ሰው በየመታጠፊያው ቅርንጫፍ ሰበር እያደረገ ነው የሚሄደው። ባትሪ አይፈልግ፣ ዶላር አይፈልግ።

ቦዬ_ጉማሬ፦
ጋሼ፣ ከበለጤ ጌራ ጫካ ውኃ ተከትሎ የወረደ ሰው ጎጀብ ወንዝ ላይ ነው የሚወጣው። እንግዶቹን ከፋ ወስዶ ቡና ሊያጠጣቸው ነው?

ጋሽ_ሸቤ፦
ጎጀብ ቢደርስስ ምናለ? ከነሕይወቱ ደረሰ። አንተ ልጅ፣ ሳቅህን ቀንስ።

እህተ_ጌራ፦
ጋሼ የቅርንጫፉ ነገር እውነት ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ጥያቄው ግን ተረስቷል፤ እስቲ ልሞክር። ሥራዬ ከደን ማኅበራቱ፣ ከዋቡቦቹ ጋር ስለሆነ ውሎዬ ጫካ ነው። ሁለቱንም ይዤ ነው የምገባው።

ስልክ ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤሱ አይሠራም የሚባለው ውሸት ነው። ሲም ባይኖረውም ይሠራል። ኔትወርክ የሚያግዘው ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ቶሎ ነግሮ መነሻውን ለማፋጠን ነው። ያለሱ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የቆየ መሣሪያ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሊያስጠብቅህ ይችላል። ስለዚህ ስልክም ሆነ ጋርሚን ከመኪና እንደወረድክ፣ ሜዳው ላይ አብራ። ዛፍ ሥር ገብተህ አብርተህ «አይይዝም» አትበል።

የስልክ ጣጣው ሦስት ነው። ባትሪውን የሚበላው በአብዛኛው የሌለ ኔትወርክ ሲፈልግ መዋሉ ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፤ ጂፒኤሱ አይጠፋም። ቀጥሎ የራሱ ባትሪ ቆጣቢ አለ። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ሲገባ አፑን ይዘጋዋል፣ አንተ ዱካህ እየተመዘገበ መስሎህ ትሄዳለህ፣ ስታወጣው መስመሩ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጧል። ሴቲንግ ገብተህ ለዚያ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሣለት። ለሦስተኛው ግን መድኃኒት የለውም፦ ዝናብ። ስክሪኑ ሲረጥብ በራሱ ይነካካል። በሹራቤ እጅጌ እጠርገዋለሁ፣ ጣቴን ሳነሣ ጠብታ ከቅጠል ላይ ይወርድበታል፣ ካርታው ጌራን ጥሎ ሱዳን ይገባል። እጄም ረጥቧል፣ እጅጌዬም ረጥቧል። አንዲት ምልክት ለማስቀመጥ እንዲህ ስታገል እንግዳ ከኋላዬ ቆሞ ቢያይ ምን ይለኛል?

ኢትሬክሱ ቁልፍና ትንሽ ማንቀሳቀሻ አለው። በረጠበ እጅ ይሠራል። ሁለት ትንንሽ ደብል ኤ ድንጋይ ይበላል፤ ፋብሪካው እስከ 25 ሰዓት ይላል። ከመንደር ኪዮስክ በሚገዛ ርካሽ ድንጋይ ግን አትጠብቅ። አልካላይን ግዛ፣ ሴቲንጉ ላይም የድንጋዩን ዓይነት ንገረው፤ አለዚያ የባትሪ ምልክቱ ይዋሽሃል። አንድ ነገር ሳትሰማ እንዳትገዛ፦ 22ኤክስ የኮምፓስ ሴንሰር የለውም። ቆመህ ስትዞር ቀስቱ አብሮህ አይዞርም፤ ጥቂት መራመድ አለብህ። ኮምፓስ ያለው 32ኤክስ ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮችም ልክ እንደ 22ኤክሱ ናቸው።

አፕ ከሆነ ኦርጋኒክ ማፕስ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን ቤት ሆነህ ታወርዳለህ። ኦስምአንድ ብዙ ነገር ይችላል፣ ግን ይከብዳል፤ ነፃው ላይ የካርታ ማውረጃ ገደብ አለው። ጉግል ማፕ ያለ ኔትወርክ የእግር መንገድ አይመራህም፤ ለከተማ ተወው። ለነገሩ የጫካው የእግር መንገድ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም ብትል ይቀላል። የምትመለሰው ስትገባ ባስመዘገብከው ዱካ ነው።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ጋርሚኑ አንገቴ ላይ፣ ስልኩ ተዘግቶ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ።

ዱካ_ፈላጊ፦
እህቴ፣ እድሜ ይስጥሽ። ይሄን ነበር የፈለግኩት።

አጂፕ፦
ፓወር ባንኩንም ከፈረንጅ አራዳው ልጅ ግዛው። ሌላ ጋ የሚሸጠው በላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል አይዝም።

ሰርቬየሩ፦
በእህታችን ላይ አንድ ልጨምር፤ ሂርማታ ሐሙስ ስለ ቀጠና ወሰን ላነሣው። ከቢሮ የሚሰጡህ ነጥብ ከድሮው 1፡50,000 ካርታ የተነሣ ከሆነ በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ዳተም ማለት ነጥቡ የሚለካበት መነሻ ነው። ጋርሚንህ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለው ዳተም ላይ ነው። ሁለቱን ካደባለቅክ ወደ 200 ሜትር ትስታለህ። ለመንገድ ብዙም አይደለም። ለአደን ወሰን ግን 200 ሜትር ማለት እንግዳህ ከፈቃዱ ውጪ ተኮሰ ማለት ነው። ነጥቡን ሲሰጡህ «በየትኛው ዳተም?» በላቸው። በዩቲኤም፣ ማለትም በዲግሪ ሳይሆን በሜትር ከሰጡህ ዞኑንም ጠይቅ። ጅማ ዞን 37 ነች፤ ወደ ምዕራብ 36ኛውን ኬንትሮስ ስታልፍ ዞን 36 ይሆናል።

ቦዬ_ጉማሬ፦
ጎሹ ዳተሙን ያውቀዋል?

ሰርቬየሩ፦
ጎሹ አይቀጣም። የሚቀጣው መንገድ መሪው ነው።

ሂርማታ_ሐሙስ፦
ይሄ ነገር ፒን ይደረግልን አድሚን።

ቡና_አቅራቢ፦
ሰርቬየሩ፣ የተበጣጠሰውን ማሳ አልመለስክልኝም።

ሰርቬየሩ፦
እያንዳንዱ ለብቻው ነጥብ ይወሰድለታል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ይሄ የሰው ጥያቄ ነው።

ከሚኒሶታ_በፍቅር፦
ኦንኤክስ አልሆነም እንጂ ከዚህ ጋርሚን ማምጣት እችላለሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። አዲስ ዕቃ ነው፣ ዴሞ የለ ምን የለ።

ኮቺ_ሰፈር፦
ለኢድ ነው ለፋሲካ?

ከሚኒሶታ_በፍቅር፦
ለሁለቱም። ቤታችን ሁለቱንም ያከብራል።

ዱካ_ፈላጊ፦
አብሽሩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሽማግሌው ልጅ ደግሞ ትናንት ደውሎ የድሮ ጋርሚን 64ኤስ የሚሸጥ ሰው አጋሮ አለ አለኝ። እሱንስ ታውቁታላችሁ? ከ22ኤክሱ በምን ይለያል?

እህተ_ጌራ፦
64ኤስ ከላይ ወጣ ያለ አንቴና ያለው ነው። ኮምፓስም አለው። ግን ያረጀ ዕቃ ስለሆነ የቁልፎቹን ጎማና የባትሪ ክዳኑን አጥብቀህ እይ። ጎማው የተሰነጠቀ ከሆነ ዝናብ ያስገባል። ድንጋዩ የሚነካበት ብረት አረንጓዴ ሆኖ ካየህ ተወው።

የሊሙ_ልጅ፦
አጋሮ ያልከው ሰው ጋ ስትሄድ ውጪ አውጥተህ ፈትሽ! ውጪ!! ሻጩ ካርታ ላይ ስትሄድ ቢያሳይህ አትመን!

ኮቺ_ሰፈር፦
የሊሙ ልጅ፣ ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ዕቃህ ለመለዋወጫ አይሸጥም? ስክሪኑ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው።

የሊሙ_ልጅ፦
ስክሪኑ እንደ አዲስ ነው።

ኮቺ_ሰፈር፦
ዋጋ?

የሊሙ_ልጅ፦
ኢንቦክስ።