ሞተር ያለውን ግላይደር በምን ልለየው?
ሰላም ወገኖች፣ የምኖረው ጀርመን ፉልዳ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቫሰርኩፐ ተራራ ወጥቼ (950 ሜትር ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው) ግላይደር (በአብዛኛው ያለ ሞተር በነፋስ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን) ፎቶ አነሳለሁ። እስካሁን አካሉ ላይ በተጻፈው የምዝገባ ምልክት ከዲ (የጀርመን መለያ ፊደል) ቀጥሎ አራት ቁጥር ካለ ግላይደር፣ ዲ-ኢ ካለ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን እያልኩ ነበር የምመዘግበው። ባለፈው ግን ባለ ሁለት ሰው ነጭ ግላይደር፣ ጭራው ቲ የሚመስል፣ ኤኤስኬ 21 የሚባለው ሞዴል ነው ብዬ ጽፌ ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳሰፋው ዲ-ኬ ይላል፣ ኬ ደግሞ ባለ ሞተር ማለት ነው፣ ፕሮፔለር ግን አይታይም! ወደ ውስጥ የሚታጠፍ እንዳለ አውቃለሁ፣ ታጥፎ ሲበር ከታች ሆኜ በምን ልወቀው? ፕሮፔለሩ የሚገባበት ክፍል መዝጊያ ግላይደሩ ጀርባ ላይ ስለሆነ ከመሬት አይታይም። ኤኤስኬ 21 ግሮብ ትዊን ከሚባለው ሌላ ባለ ሁለት ሰው ግላይደርም ጋር ይምታታብኛል፣ የሁለቱም ክንፍ 17 ሜትር ምናምን ነው። የሁለት ወር ደብተሬን ማመን አቃተኝ፣ የምታውቁ በናታችሁ እርዱኝ።