የልጅ ዓይን ማሳከክ፦ አለርጂ ነው ወይስ ኢንፌክሽን? ጠብታውስ ይደገም?

የቢኒ እናት፣ ፒያሳ
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱም ዓይኖቹ ይቀላሉ፣ ያሳክኩታል፣ ሲያሻቸው ይውላል። ጠዋት እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር ይኖረዋል፤ ተጣብቆ ግን አያድርም። መጀመሪያ ቴትራሳይክሊን ቅባት ተሰጠን፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ከሰፈር ፋርማሲ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ገዛን፤ በሁለት ቀን ጥርት አለ፣ ስናቆም ተመለሰ። ድጋሚ ልግዛው? አለርጂ ከሆነስ ከምን መጣ? አባቱ የአደይ አበባ ነው ይላል።

ኦፕቶሜትሪስት፣ አራት ኪሎ
እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ የሚመዝነው ማሳከኩ ነው። የማያሳክክ ዓይን አለርጂ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። የባክቴሪያው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ይጀምራል፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል አለው፣ ጠዋት ሽፋሽፍቱ በውሃ ካልራሰ አይላቀቅም። የቫይረሱ ውሃ ያፈሳል፣ ይቆረቁራል፣ ከጉንፋን ጋር ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ከጆሮ ፊት ያለችው ንፍፊት ታብጣለች፣ ለቤተሰቡም ይዳረሳል። አለርጂ አይተላለፍም፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አታስቀሪው። ቅባቱ ያልሠራውም ባክቴሪያን እንጂ ማሳከክን ስለማይመለከት ነው።

ግን ተራ የወቅት አለርጂ ላይሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ በወንዶች ልጆች ላይ፣ እኛ ቪኬሲ የምንለው ጠንከር ያለ ዓይነት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በፊት ይጀምርና በጉርምስና አካባቢ ይለቃል። የሚሳብ ዓይናር፣ ብርሃን መፍራት፣ የዓይን ነጩ ወደ ቡናማ መጥቆር፣ በጥቁሩ ዙሪያ ያበጠ ቀለበት ምልክቶቹ ናቸው። የላይኛው ቆብ ሲገለበጥ ጠጠር የመሰሉ እብጠቶች ይታያሉ። እሱን ቤት ውስጥ አትሞክሪው፣ የስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ የሚያሳይ የክሊኒክ መሣሪያ) ሥራ ነው። እነዚያ እብጠቶች ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይኑን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ እየፈተጉ ሊያቆስሉት ይችላሉ። ለዓመታት ማሸት ደግሞ ኮርኒያው ሳስቶ ወደ ፊት እንዲሾል ያደርጋል፤ መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚቀየርበት ልጅ ሲመጣ ይህንን እንጠረጥራለን።

ፋርማሲስት፣ ሜክሲኮ
ዴክሳሜታሶኑ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ በራስዎ አይድገሙት። ቶሎ ስለሚያጠራ ሰው ያለ ማዘዣ እየደጋገመ ይገዛዋል። ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲቀጥል የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ልጆች ላይ ከአዋቂ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል። ሕመም ስለሌለው ሳይታወቅ ቆይቶ ግላኮማ (የእይታ ነርቭ ጉዳት) ሊሆን ይችላል፣ በእሱ የጠፋ እይታ አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል፤ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ያለበት ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቁስሉን ያባብሳል። በድምሩ ከ2 ሳምንት በላይ ተጠቅሞ ከሆነ ግፊቱን ያስለኩለት። ሐኪም መርምሮ ለአጭር ጊዜ፣ እየቀነሰ እንዲቆም ካዘዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለቪኬሲ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ጠርሙሱ ላይ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ ሙሉውን ያንብቡት።

በምትኩ ኦሎፓታዲን 0.1% ወይም ኬቶቲፌን 0.025% ይጠይቁ፤ በየዓይኑ አንድ ጠብታ፣ በቀን 2 ጊዜ። ከ3 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ይሆናሉ፣ ማሳከኩንም በደቂቃዎች ውስጥ ያበርዱታል። እነሱ ከጠፉ ሶዲየም ክሮሞግላይኬት 2% አለ፣ በቀን 4 ጊዜ። እሱ መከላከያ እንጂ ማስታገሻ ስላልሆነ ሙሉ ውጤቱ እስከ 2 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሳይነገር ስለሚሰጥ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ተብሎ ይጣላል። ናፋዞሊን ያለባቸው፣ መቅላትን ብቻ የሚያጠፉት ጠብታዎች ለልጅ አይሆኑም፤ ሲቆሙ ዓይኑ ብሶ ይቀላል።

አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ገደማ ነው። የ5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በቀን 2 ጊዜ ለሁለት ዓይን 25 ቀን አካባቢ ያስኬዳል። በሳምንት ካለቀ ትርፉ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰ ነው። በተረፈ ሲከፈት ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉና በ4 ሳምንት ይጣሉት።

የቢኒ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉንጭ ላይ ያሉት ልክ ነው፤ ጠብታ ሲያይ ጨፍኖ ይታገለናል። ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠብ አድርጊለት የሚሉኝም አሉ።

የዓይን ክፍል ነርስ
ዳማከሴውን ተይው። የቅጠል ጭማቂ፣ የጡት ወተት፣ ሻይ፣ ሁሉም ንጹህ ስላልሆኑ የተቆጣ ዓይን ላይ ኢንፌክሽን ይጨምራሉ። ኩልም እስኪድን ይቅር።

ለሚታገል ልጅ ማስከፈት አያስፈልግም። እጅሽን ታጠቢ፣ በጀርባው አስተኚው፣ ጨፍኖ ይቆይ። በአፍንጫው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አድርጊና ቀስ ብሎ እንዲከፍት ንገሪው፤ ራሱ ፈስሶ ይገባል። ከዚያ ሳያርገበግብ ይጨፍን፣ አንቺም ጥጉን በጣትሽ ለ1 ደቂቃ ያዝ አድርጊው፤ ያለዚያ ወደ አፍንጫው ወርዶ ጉሮሮውን ይመርረዋል። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከል 5 ደቂቃ፣ ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ።

ማሳከኩ ሲነሳበት "አትሽ" ብቻ ማለት አይሠራም። ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ጭመቂና በተጨፈነ ዓይኑ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዪለት። በረዶ ቆዳው ላይ በቀጥታ አይደረግም። ሰው ሠራሽ እንባ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ መጠቀምም ደህና ያበርዳል፣ ብናኙንም ያጥባል።

ዕጽዋት ወዳድ፣ ካዛንቺስ
አደይ አበባ ያለ ጥፋቷ ነው የምትታማው። የምትራባው በነፍሳት ስለሆነ ብናኟ ተለጣፊ ነው፣ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። በዚያው ሰሞን የሚያብበው ሣር ነው በነፋስ የሚበተነው። ለአውዳመት የምትጎዘጉዙትንም ተመልከቱ፤ ቄጠማው አናቱ ላይ ያበበ ከሆነ ብናኙን ቤት አስገባችሁት ማለት ነው። የእጣንና የከሰል ጭስ፣ የፍርስራሽና የግንባታ አቧራ ራሳቸው አለርጂ ባይሆኑም የተቆጣውን ዓይን ያባብሱታል። ልጁ ከውጭ ሲገባ ፊቱን ይታጠብ፣ ልብስ ይቀይር፤ ባርኔጣና መነጽርም ይረዳል። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚብስበት ከሆነ ግን ብርድ ልብሱንና ትራሱን ጠርጥሩ፤ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠቡ።

ኦፕቶሜትሪስት፣ አራት ኪሎ
ሕመም ካለው፣ እይታው ከደበዘዘ፣ ብርሃን ጨርሶ ካልቻለ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ጠብታ አትሞክሪ፤ በዚያው ቀን ይታይ። እነዚህ ባይኖሩም ስቴሮይድ ስለወሰደ በዚህ ሳምንት ብታሳዪው ይሻላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፣ ከፒያሳም ሩቅ አይደለም። እስካሁን የተጠቀመባቸውን ጠርሙሶች፣ ባዶውንም ቢሆን፣ ይዘሽ ሂጂ።