የጠገበ አይሰርቅም? በራቫሎማናና የተነሳ ክርክር

ነገረኛው፦ የመርካቶ ልጅ ትናንት ማታ የጻፈውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። የማዳጋስካሩ ማርክ ራቫሎማናና እቤት የተሠራ እርጎ በብስክሌት እያዞረ ሸጠ፣ ቲኮን የሚያህል የወተትና የምግብ ድርጅት አቋቋመ፣ በ1999 የአንታናናሪቮ ከንቲባ ሆነ፣ በ2002 ፕሬዚዳንት። (እዚህ ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው።) እስከዚህ ልክ ነህ፣ ታሪኩም ደስ ይላል። ግን መጨረሻ ላይ «ሥልጣን ለነጋዴ ይሰጥ፤ የጠገበ አይሰርቅም» ብለህ ዘጋኸው። ይሄን ከየት አመጣኸው?

የመርካቶ ልጅ፦ ከራሱ ከሰውየው ሕይወት። ቤተ መንግሥት ሲገባ ቤት ነበረው፣ መኪና ነበረው፣ ፋብሪካ ነበረው። ምን ሊሰርቅ ይገባል? ከሱ በፊት የነበረውን እዩ። አድሚራል ራትሲራካ ከ1975 ጀምሮ፣ መሃል ላይ ለጥቂት ዓመታት ወረድ ብሎ እንደገና ተመልሶ፣ አገሪቱን ይዟት ከረመ። ሶሻሊዝም ብሎ የሰው ንብረት ወረሰ፤ ሕዝቡ ደኸየ። እርጎ ሻጩ መጣ፤ መንገድ ተሠራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ ባለሀብት መጣ። ይሄ ምኑ ነው የሚያናድዳችሁ?

ሂሳብ ሹሙ፦ ወንድሜ፣ ስርቆት የምትለው ካዝና ሰብሮ መግባትን ብቻ ነው? እስቲ አንተን አስመጪ እናድርግህ። ዘይት ታስገባለህ። ዕቃው ወደብ ይደርሳል፣ ቀረጥህን ትከፍላለህ፣ ትራንስፖርት ትጨምራለህ፣ ትርፍህን ታሰላለህ። ገበያ ስትወጣ ጎረቤትህ አንተ ከገዛህበት በታች ሲሸጥ ታገኘዋለህ። ለምን? ቀረጥ የሚያስቀር ውሳኔ ወጥቶለታል። ማን አወጣለት? መንግሥት። መንግሥቱን የሚመራው ማን ነው? ያው ጎረቤትህ። በ2008 መጨረሻ ዓለም ባንክና አይ ኤም ኤፍ የበጀት ድጋፍ የያዙት ለቲኮ ኩባንያዎች በተሰጠ እንዲህ ያለ ጥቅምና በ60 ሚሊዮን ዶላሩ የፕሬዚዳንት አውሮፕላን ምክንያት ነው። የጠገበው ሰውዬ ይሄ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ ዓለም ባንክ ያለው ሁሉ እውነት ነው እንዴ? ለመጀመሪያው ፋብሪካው ያበደረው ራሱ ዓለም ባንክ አይደል? ያኔ ጎበዝ ነበር፣ በኋላ ሌባ ሆነ? ደግሞ ፕሬዚዳንት አውሮፕላን ገዛ ተብሎ ይከሰሳል? በብስክሌት ይሂድላችሁ?

ሂሳብ ሹሙ፦ ስለ ቀረጡ ነው የጠየቅኩህ። አንተ ብስክሌት ላይ ወጣህ።

ዝምተኛዋ፦ ሁላችሁም 2002ን ዘለላችሁት፤ ሰውየውን ያለዚያ ዓመት ልታውቁት አትችሉም። የታኅሣሥ 2001 ምርጫ ተካሄደ። መንግሥት ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ሁለተኛ ዙር ይደረግ አለ። ራቫሎማናና ደግሞ በአንደኛው ዙር ጨርሻለሁ አለ፣ ሕዝቡም ለሳምንታት አደባባይ ወጣለት። በየካቲት ስታዲየም ውስጥ ራሱን ፕሬዚዳንት ብሎ አወጀ። ራትሲራካ ወደብ ከተማው ቶአማሲና ወርዶ ሌላ ዋና ከተማ አቋቋመ። ደጋፊዎቹ ድልድይ አፈረሱ፣ መንገድ ዘጉ፣ አንታናናሪቮ ነዳጅ አጣች። በሚያዝያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ድምፁን አስቆጥሮ ለራቫሎማናና 51 በመቶ ከምናምን ሰጠው። አድሚራሉ በሐምሌ ወደ ፈረንሳይ ኮበለለ። አያችሁ? ሰውየው ያሸነፈው በሰልፍም በምርጫም ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ሰልፍ ሌላ ሰው ሲጠራበት ግን በጥይት መለሰለት።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጄ፣ ጥሩ አስታወስሽን። አንድ ልጨምር። የአፍሪካ ኅብረት በሐምሌ 2002 ደርባን ላይ ሲመሠረት የማዳጋስካር ወንበር ባዶ ነበር። ኅብረቱ ሰውየውን ለመቀበል እስከ 2003 ፈጅቶበታል። በ2009 ሲወገድ ደግሞ ያው ኅብረት «መፈንቅለ መንግሥት ነው» ብሎ አገሪቱን አገደ። ሲገባም አልጣማቸውም፣ ሲወጣም አልጣማቸውም። እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው ይሄን የሚወስኑት፤ ለነገሩ እኛም እዚሁ ተቀምጠን ነው የምንፈርደው።

ነገረኛው፦ ጋሼ፣ ስለ ኅብረቱ ሌላ ቀን እናውራ። እኔ የምፈልገው «የጠገበ አይሰርቅም»ን ነው። አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የተራበ ሲሾም ብቻ አላሉም።

የመርካቶ ልጅ፦ ተረት መጣ! ማስረጃ ሲያልቅ ተረት። በ2006 እኮ በአንደኛው ዙር እንደገና ተመርጧል። ሌባ ቢሆን ሕዝቡ ይመርጠው ነበር?

ዝምተኛዋ፦ የ2006ቱን ምርጫ ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ከስደት ተመልሶ ሊወዳደር የነበረው ፒዬሮ ራጃዎናሪቬሎ እንዳያርፍ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። እሱ ሳይገባ ምርጫው ተካሄደ።

የመርካቶ ልጅ፦ አንዱን ስላስቀሩ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። 54 በመቶ ነው ያገኘው።

ሂሳብ ሹሙ፦ ሱቅ ዘግቶብህ «ደንበኛ እኔን መረጠ» የሚል ተፎካካሪ ይግጠምህ።

የመርካቶ ልጅ፦ አንተ ሁሉን ነገር ወደ ሱቅ ነው የምትመልሰው። እሺ፣ በሱቅ እንነጋገር። ሱቁን ማን አቃጠለው? በጥር 2009 የተዘረፉት የማን መደብሮች ናቸው? ማግሮ የማን ነበር? የቲኮ አይደል? ሠራተኛው ሥራ አጣ፣ ወተት ለፋብሪካው የሚያቀርበው ገበሬ ገዢ አጣ። አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የገነባው እንዲህ ሲወድም ማየት ለናንተ ድል ነው?

ዝምተኛዋ፦ ድል ነው ያለ የለም። ንብረት ማውደም ነውር ነው። ግን ሕዝቡ ለምን ቲኮ ላይ እንደዞረ ጠይቅ። መንግሥትንና ድርጅቱን መለየት አቅቶት ነው። የፕሬዚዳንቱ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የፕሬዚዳንቱ ወተት፣ የፕሬዚዳንቱ መደብር። ተናዶ የወጣ ሰው የሚያገኘው በር ሁሉ የአንድ ሰው ሆነ። ድርጅቱን በ2002 ለገለልተኛ አስተዳዳሪ ሰጥቶ ቢሆን ማን ይነካበት ነበር?

ጋሽ ታዛቢ፦ የዴዉንም ነገር አትርሱ። የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ለ99 ዓመት ሊከራይ ነው ተባለ፣ በቆሎና ፓልም ሊተክልበት። በዚያ አገር መሬት የአያት የቅድመ አያት መቃብር ያለበት ነው። ይሄን በሊዝ ቋንቋ ታወራለህ? ነጋዴው የተሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አገሩን ግን አልሰማውም።

የመርካቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ ያ ነገር ገና ያላለቀ ንግግር ነበር። ራጆኤሊና ነው ለቅስቀሳ ያጋነነው።

ነገረኛው፦ አሃ! ራጆኤሊና ብለሃል፣ አመሰግናለሁ። አንድሪ ራጆኤሊና ማነው? ዲጄ ነበር። ከዚያ ድግስ አዘጋጅ፣ ከዚያ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት፣ ከዚያ የቪቫ ቴሌቪዥን ባለቤት፣ በ2007 መጨረሻ የአንታናናሪቮ ከንቲባ። ማለትም ነጋዴ! ያንተን ነጋዴ ያባረረው ነጋዴ ነው። እሱም ጠግቦ ነበር። የጠገቡት ሁለቱ ናቸው እኮ አገሩን ያመሱት።

የመርካቶ ልጅ፦ ልጁን ከሱ ጋር አታወዳድር። አንዱ ፋብሪካ የሠራ፣ ሌላው ዘፈን ያጫወተ። ደግሞ 34 ዓመቱ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ 40 ይላል። ወታደር ነው ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው።

ሂሳብ ሹሙ፦ ማን ቀሰቀሰው ግን? ራቫሎማናና የራትሲራካን ቃለ ምልልስ አስተላለፍክ ብሎ ቪቫን ዘጋው። የራሱን ጣቢያ ክፍት አድርጎ የተፎካካሪውን ዘጋ። ነጋዴ ተፎካካሪውን በገበያ ነው የሚያሸንፈው፣ በፖሊስ አይደለም።

ዝምተኛዋ፦ የካቲት 7 ቀን 2009ንም ጥራ እንጂ። ሰልፈኛው ወደ አምቦሂትሶሮሂትራ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ጠባቂዎቹ ተኮሱ። ቢያንስ 28 ሰው ሞተ። የመከላከያ ሚኒስትሯ ራሷ ሥራዋን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ከጎኑ አልቆመም። መጋቢት 17 ሥልጣኑን ለጄኔራሎች አስረክቦ ወጣ፤ ጄኔራሎቹ ደግሞ ለራጆኤሊና ሰጡት።

የመርካቶ ልጅ፦ ካፕሳት የሚባለው የጦር ክፍል አምፆበት ነው የወጣው። በጠመንጃ ነው። ከዚያ በሌለበት እድሜ ልክ ፈረዱበት። እሱ ግን በ2014 በገዛ እግሩ ተመለሰ። ይያዘኛል ብሎ ነው የተመለሰው፣ ያዙትም። እስቲ ከናንተ ጀግኖች መካከል እድሜ ልክ ተፈርዶበት ወደ አገሩ የሚመለስ ጥሩልኝ። ደግሞ ያ ካፕሳት በጥቅምት 2025 ራጆኤሊናን ራሱን አባረረው። ውሃና መብራት አጣን ብለው ወጣቶቹ ሲወጡ ወታደሩ ወደነሱ ዞረ። ይበለው!

ጋሽ ታዛቢ፦ በሰው ውድቀት «ይበለው» አይባልም።

የመርካቶ ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ። ግን ይበለው።

ነገረኛው፦ የሰውየው ድፍረት አልካድኩም። ተመልሶ በ2018 ተወዳደረ፣ በሁለተኛው ዙር በራጆኤሊና ተሸነፈ፤ ሕዝቡ ሁለቱን ነጋዴዎች አይቶ ትንሹን መረጠ። የኔ ጥያቄ ያው ነው። የጠገበ አይሰርቅም ወይስ የጠገበ ሰው ስርቆት ሌላ ስም ይሰጠዋል?

የመርካቶ ልጅ፦ 2018ቱን ደግሞ እኔ ተጭበርብሯል ነው የምለው።

ዝምተኛዋ፦ የ2006ቱ ንጹሕ፣ የ2018ቱ የተጭበረበረ። በጣም ይገርማል።

የመርካቶ ልጅ፦ አንቺ ደግሞ «ዝምተኛዋ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣልሽ ይገርመኛል። ባለቤቱ ላላዎ በ2015 የአንታናናሪቮ ከንቲባ ሆና ተመርጣለች። ሕዝቡ ቤተሰቡን ቢጠላ በዚያችው ከተማ ይመርጣት ነበር?

ሂሳብ ሹሙ፦ ባል ከንቲባ፣ ሚስት ከንቲባ። ጥሩ ነው። ቀረጡንስ?

የመርካቶ ልጅ፦ ቀረጥ፣ ቀረጥ! ገቢዎች ነው እንዴ የምትሠራው?

ሂሳብ ሹሙ፦ ብሠራ ኖሮ መጀመሪያ የምጠራው አንተን ነበር።