የአደጋ ታሪክ ሰሌዳና የአዌቱ ጎርፍ መለኪያ፦ የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ ላይ የእድሮች ውይይት

ፀሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው። 12 እድር፣ ከእያንዳንዱ 20,000፣ ድምር 240,000 ብር። ገንዘቡ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በየእድሩ ቤት ለሚሰቀል የአደጋ ታሪክ ሰሌዳ (ያለፉ አደጋዎች ከነዓመታቸው የሚጻፉበት) እና ጅማን በሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝ ዳር ለሚተከሉ 6 የጎርፍ መለኪያ ቋሚዎች። የሰሌዳው ቋንቋ ኦሮምኛና አማርኛ መሆኑ ባለፈው ተዘግቷል፣ ማንም እንዳይከፍተው። አስተያየት እስከ ዓርብ።

መምህር፦ ክፉ ቀን (1880–84) ላይ «ድርቅ» ብቻ የተባለው ይስተካከል። ቀድሞ የገባው በምፅዋ በኩል የመጣው የከብት በሽታ፣ ደስታ ነው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ረሃቡ የባሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የ1950/51 ወባ ከነቁጥሩ ይግባ፦ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የጨረሰው ደግሞ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ሰው ነው፣ ሰውነቱ ወባን ስላልለመዳት። ጅማ 1,700ዎቹ ላይ ናት። «እኛ ቆላ አይደለንም» ለሚሉት ይህቺ መስመር ትበቃለች።

የ4ኛ እድር ተወካይ፦ ከ1953 እስከ 55 በኦሞ ሸለቆ 30,000 ያህል ሰው የፈጀው ቢጫ ወባ ከወባው ጋር አንድ መስመር ላይ ተጽፏል። ይለይ። አጎበር የሌሊቷን ትንኝ ነው የሚከለክለው፤ ቢጫ ወባ የምታመጣው በቀን ትናከሳለች፣ መከላከያውም ክትባት ነው። ካልለየነው አንባቢው አጎበሩን ሰቅሎ ጨረስኩ ይላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ዘመኑ በሙሉ በፈረንጅ ይሁን። ነገ ረጂ ድርጅት ቢመጣ 1911 ምን እንደሆነ አይገባውም።

የ7ኛ እድር ተወካይ፦ ሰሌዳው ለረጂ ነው ለእድርተኛ? ሰባ ሰባት ሰባ ሰባት ነው። 1985 ብለህ ጻፍና «ደርግ ወድቆ አልነበረም እንዴ?» ይሉሃል።

ገንዘብ ያዥ፦ 8 መቀነስ ነው፣ ምን ችግር አለው።

መምህር፦ ችግር አለው። ከመስከረም እስከ ታህሳስ ሦስተኛ ሳምንት ልዩነቱ 7 ነው፣ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ረቂቁ የህዳር በሽታን (የኢንፍሉዌንዛውን ወረርሽኝ) 1919 ያለው ህዳር 1911 ላይ 8 ተደምሮ ነው፤ ትክክሉ 1918። የወባው ወረርሽኝ ደግሞ በፈረንጅ 1958 ብቻ ነው፣ በእኛ ክረምቱ 50 ላይ፣ መስከረሙ 51 ላይ ይወድቃል። ባዶውን «1958» ተብሎ ቢሰቀል አንባቢው በሽታውን በሰባት ዓመት አሳልፎ ይይዘዋል።

የ2ኛ እድር ተወካይ፦ ዘመን ከተነሳ ሂጅራውም ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ዓምድ? ሰሌዳው 1 ሜትር በ70 ነው፣ በዚያ ላይ ሁለት ቋንቋ። ፊደሉ ከ2 ሳንቲም ካነሰ ከበሩ ላይ ሆኖ የሚያነበው የለም።

የ2ኛ እድር ተወካይ፦ ለእናንተ ሲሆን ቦታ ይገኛል።

የ7ኛ እድር ተወካይ፦ እናንተ ማለት እነማን? ግልጽ አድርግ።

የ2ኛ እድር ተወካይ፦ የገባው ይግባው። ካልሆነ የእኛ 20,000 ይቆይ።

ፀሐፊ፦ ኧረ ቀስ በሉ! ብር እስከመያዝ የሚያደርስ ነገር አይደለም።

መምህር፦ የሂጅራው ዓመት ይግባ፣ እኔ አልቃወምም። ወሩ ግን በእኛ ይሁን። የጨረቃው ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ወሮቹ በክረምትም በበጋም ይዞራሉ። የኦሞ ጎርፍ ነሐሴ 1998 ነው ስንል ነሐሴ በየዓመቱ ክረምት ላይ ስለሚመጣ ያስጠነቅቃል። 364 ሰው ኦሞ ታችኛው ጫፍ፣ ዳሰነች ላይ የሞተው የጊቤ ውሃ በዚያ በኩል ስለሚወርድ ነው፤ የእኛም አዌቱ በቦዬ ረግረግ አድርጎ ግልገል ጊቤ ነው የሚገባው።

ቡና ነጋዴው፦ ፈረንጅ አንፈልግም ለምትሉ፦ 74110 የተባለውን ቡና የተከላችሁ ሁሉ የፈረንጅ ዘመን ነው የተከላችሁት። 74ቱ 1974 ነው፣ ዝርያው የተመረጠበት። የቡና ፍሬ በሽታ በእኛ 1963 ታይቶ፣ ጅማ ምርምር በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጦ ያወጣቸው ናቸው። ደግሞ ይኼ ከዝርዝሩ ለምን ተረሳ? ጎርፍ ቤት ይወስዳል፣ እሱ የከተማውን ገበያ ነው የወሰደው።

የ7ኛ እድር ተወካይ፦ 😂 እሺ፣ ቡናው ይግባ። ፈረንጁ ግን በቅንፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ በቅንፍም ቢሆን ይሁንልኝ።

ግንበኛው፦ 43 መልእክት ስለ ዘመን፣ ስለ ቋሚው አንድም የለም። ለ6 ቋሚ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ማን ነው የጻፈው? ባለ 15 በ15 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 2.70 ሜትር፣ 70 ሳንቲሙ መሬት ውስጥ በ40 በ40 መሠረት። ስድስቱ ተደምሮ 1 ሜትር ኩብ አርማታ አይሞላም። በ1፡2፡3 ድብልቅ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) 4 ኩንታል ይበቃል። ለአንድ ቋሚ ባለ 12 ፌሮ አንድ በርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ)፣ ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በየ20 ሳንቲም። ቀለሙ በየ10 ሳንቲም ቀይና ነጭ። ዜሮው በቱቦ ውሃ ልክ ካልተያያዘ ግን ስድስቱም ስድስት የተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት።

ቦታውም ተሳስቷል። ሦስቱ ወንዙ የሚታጠፍበት ውጨኛው ዳር ላይ ናቸው፤ ውሃው እዚያ ነው የሚቦረቡረው፣ በአንድ ክረምት ይገለብጣቸዋል። ቀጥ ባለው ላይ ይሁን። አንዱ ከድልድዩ በላይ፣ አንዱ በታች። የሁለቱ ልዩነት ከወትሮው ከሰፋ ዝናቡ ሳይሆን የድልድዩ አፍ ነው የተደፈነው፣ በፌስታልና በሃይላንድ። ያኔ ጥሪው ለአካፋ ነው እንጂ ለሽሽት አይደለም።

የ4ኛ እድር ተወካይ፦ ሌሊት ሲሞላ ማን ያነበዋል?

ግንበኛው፦ ሰው አያስፈልግም። ከቋሚው ጋር ባለ 5 ሳንቲም የፕላስቲክ ቱቦ ታስራለህ፣ ከታች ትበሳዋለህ፣ ከላይ ትንፋሽ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ ትተህ ትከድነዋለህ። ውስጡ ቀጭን ጣውላና አንድ እፍኝ የቡሽ ዱቄት። ውሃው ሲወጣ ዱቄቱን ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድ ዱቄቱ የደረሰበት ጫፍ ላይ ጣውላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት አውጥቶ ማየት ነው። የቡና ገለባ ይሁን እንዳትሉኝ፣ ይርሳል፣ ይሰምጣል።

ፀሐፊ፦ የወንዙን ስፋት ለክተው ሊያመጡ ቃል የገቡት ሁለት ወጣቶች የት ደረሱ?

ፀሐፊ፦ ?

የ4ኛ እድር ተወካይ፦ የዝናቡን መረጃ ከሜትሮሎጂ አመጣለሁ ያለውም ጠፍቷል። እስከዚያ ሰሌዳው ላይ የሆሳዕናው መንቀጥቀጥ ይግባ፣ ታህሳስ 10 ቀን 2003፣ ጅማ ድረስ ተሰምቶ ተማሪዎች የተጎዱበት። ጎፋም ይግባ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016። እዚያ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ነው ሁለተኛው የደረሰባቸው። ጥሩምባ ተነፍቶ ሁላችን አካፋ ይዘን አንድ ቁልቁለት ላይ የምንሰበሰብ እኛ ነን። ከላይ ስንጥቅ የሚያይ ሰው ሳይቆም ማንም መቆፈር የለበትም።

የ7ኛ እድር ተወካይ፦ እንዲህ ከሆነማ መጀመሪያ የሚደርሰው እድር ነው። ሰሌዳ ሰው አያወጣም። ድንኳን ይገዛ።

ቡና ነጋዴው፦ ድንኳንና የውሃ መሳቢያ ሞተር።

የ2ኛ እድር ተወካይ፦ ለድንኳን ከሆነ የእኛ 20,000 አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም እደግፋለሁ። ድንኳን ለለቅሶም ይሆናል።

ፀሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ፦ 2 ድንኳን፣ 1 ሞተር፣ 40 አካፋ፣ 2 ቋሚ (ከድልድዩ በላይና በታች)። ሰሌዳው በወረቀት ታትሞ በየእድሩ አንድ አንድ።

ግንበኛው፦ ለሁለት ከሆነ ሲሚንቶው 1 ኩንታል ተኩል። ቡሹን ማን ያመጣል?

መምህር፦ ወረቀቱ ላይ የህዳር በሽታ አሁንም 1919 ይላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ድንኳኑ 6 በ8 ነው ወይስ 5 በ10? ነገ ዋጋ ልጠይቅ ነው።